የገበሬ ልጅ አስተዳደግና የትምህርት ዘመኑ አከፋፈል

በደጋውና በወይና ደጋው የኢትዮጵያ ክፍል፣ በሬ ጠምዶ በሚያርስ ገበሬ ቤት የተወለደ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቶት ለመጀመሪያ ጊዜ ከመምህር ፊት በሚቀርብበት ቀን ቢያንስ የሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ሰው ነው። ስጥ ጠብቋል፤ ከጎረቤት እሳት ጭሮ አምጥቷል፤ ጥጃ ከእናቱ ለይቶ አውሏል፤ በግ አግዷል። የመመዝገቢያው ቅጽ ግን ስሙን፣ ዕድሜውንና የወላጁን ስም እንጂ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ከዚህም የተነሣ መምህሩ ልጁን ምንም እንዳልተማረ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ወላጁ በበኩሉ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ከቤቱ አንድ ሠራተኛ እንደጎደለ ይቈጥራል። ስለ አንድ ልጅ የሚታሰበው በሁለቱ ወገን ይህን ያህል የተራራቀ በመሆኑ፣ በመስከረም የሞላ ክፍል በኅዳር ሲሳሳ ምክንያቱ ለአንዱ ስንፍና፣ ለሌላው ግዴታ ሆኖ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሚሠራ እርሻ ላይ ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ ሥራው ምን እንደሚያስተምረውና በምን ጊዜ እንደሚጎዳው፣ እንዲሁም የእርሻው ዓመትና የትምህርቱ ዓመት የት ላይ እንደሚጋጩ ለመምህራንና ለዕቅድ አዘጋጆች ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት እህልና ከብት አጣምሮ ከሚይዘው የደጋ እርሻ ነው። የአርብቶ አደሩ፣ የእንሰት አብቃዩና የቡና አምራቹ አካባቢ የየራሱ ሥርዓት ስላለው ለብቻው ሊጠና የሚገባው ነው።

በቤትና በማሳ የሚሰጠው ትምህርት

በገበሬ ቤት ሥራ ለልጅ የሚሰጠው እንደ ጉልበቱ ብቻ ሳይሆን ቢሳሳት ሊያደርስ እንደሚችለው ጉዳት መጠን ነው። ሦስትና አራት ዓመት የሆነው ልጅ በደጃፍ በተሰጣ እህል አጠገብ ቀጭን በትር ይዞ ዶሮ እንዲያባርር ይደረጋል። ቢዘናጋ የሚጠፋው እፍኝ እህል ነው። አምስትና ስድስት ዓመት ሲሞላው ጥጃ ይጠብቃል። ጥጃው ሸሽቶ እናቱን ቢጠባ የዚያ ማታ ወተት ይቀራል፤ ስለዚህ ጥፋቱ ከፍ ያለ ነው። ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ከዚያም ከዘጠኝና ከአሥር ዓመት በኋላ ላምና በሬ ይሰጠዋል። በሬ ማለት ደግሞ የቤቱ እርሻ ማለት ስለሆነ ከገደል ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ የአንድ ዓመት ኑሮ ይናጋል። ሞፈር መያዝ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ በለሰለሰ ማሳ ላይ፣ አባት ከጎን እየሄደ፣ ልጁ እርፉን ይዞ ጥቂት ትልም ያወጣል። ድንጋያማውና ተዳፋቱ ማሳ ጉልበቱ እስኪጠና ድረስ አይሰጠውም። ይህን ቅደም ተከተል ማንም በወረቀት አላሰፈረውም፤ ነገር ግን ትምህርትን ከቀላል ወደ ከባድ የማሸጋገር ዘዴ ብለው መምህራን በማሠልጠኛ ተቋም ከሚማሩት የተለየ አይደለም።

የሴት ልጅ መንገድ ከዚህ ይለያል፤ ጫናውም ቀድሞ ይጀምራል። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ታናሿን ታዝላለች፤ ውሃ ትቀዳለች፤ ኩበት ትለቅማለች፤ እናቷ እንጀራ ስትጋግር እሳት ትማግዳለች። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ከከብት ሲመለስ ሥራው ሲያበቃ የእሷ ግን እስከ እራት ይቀጥላል። የእረኛ ሥራ በመስክ የሚታይ ስለሆነ በቀላሉ ይቈጠራል። የሴት ልጅ ሥራ ግን ከእናቷ ሥራ ጋር ተቀላቅሎ የሚውል በመሆኑ ወላጆች «ልጅህ ምን ትሠራለች?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ «ቤት ነች» ብለው ያልፉታል። የሕዝብና የቤት መጠይቅ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን መልስ እንዳለ ከመዘገቡት የሥራውን ግማሽ ያህል ሳያዩት ይቀራሉ።

እረኝነት በከተማ ሰው ዘንድ ከመቀመጥ የማይሻል ሥራ ሆኖ ይታያል። በቅርብ ለሚመለከተው ግን ሰፊ እውቀት የሚጠይቅ ነው። እረኛው ከብቶቹን በቀለማቸውና በቀንዳቸው አወጣጥ ይለያል፤ ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ እያለ በየስማቸው ይጠራል። መንጋው ማታ ወደ በረት ሲገባ አንድ ሁለት ብሎ ሳይቈጥር የጎደለችውን በአንድ እይታ ያውቃል። ጠዋት ጤዛ ሳይነሣ ማገጥ የበዛበት መስክ ላይ የተሰማራ ከብት ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ፀሐይ እስክትሞቅ በደረቅ ሣር ላይ ያቆያል። በበጋ የሚጎድለው ምንጭ አልቅት እንዳለው፣ የትኛው ተክል ለፍየል እንደሚስማማና ለበግ እንደማይሆን ያውቃል። ጊዜን በጥላው ርዝመት ይለካል። በድንገት ወድቃ የሞተች ላም አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል ሥጋዋ እንደማይበላ ከታላላቆቹ ይሰማል፤ ምንም እንኳ በችግር ጊዜ ታላላቆቹ ራሳቸው ይህን ማስጠንቀቂያ የሚዘነጉት ቢሆንም።

ከዚህም በላይ መስኩ የእኩዮች ትምህርት ቤት ነው። ገበጣና ቅልልቦሽ፣ እንቆቅልሽና ተረት፣ ዋሽንት መንፋትና ወንጭፍ መወርወር በአብዛኛው የሚለመደው ከአዋቂ ዓይን ርቆ በግጦሽ መስክ ላይ ነው። ይህም ትልቅ ቁም ነገር አለው። ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ጨምሮ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳመለከተው፣ በአማራው ገበሬ ቤት የልጅ አስተዳደግ ዋና መለኪያው ታዛዥነት ነው፤ ልጅ በአዋቂ ፊት ዝም ይላል፣ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ምክንያት አይጠይቅም። በመስክ ግን ያው ልጅ ይከራከራል፣ ተራ ያወጣል፣ ይዳኛል፣ ጨዋታ ይመራል። መምህሩ በክፍል ውስጥ የሚያየው በአዋቂ ፊት ያለውን ልጅ ብቻ ነው። አንገቱን ደፍቶ መልስ የማይሰጠውን ተማሪ አእምሮው የደነዘዘ አድርጎ መገመት ልጁ ጨዋ ሆኖ በማደጉ እንደ መቅጣት ይቈጠራል።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት የልጅን ሥራ ለማቃለል ሲጠቀስ ይሰማል። በእርሻ ቤት እውነቱ ሌላ ነው። ልጅ ያገደው በሬ ነው የሚያርሰው፤ ልጅ ከወፍ ያዳነው ማሽላ ነው ጎተራ የሚገባው። ተረቱን የሚተርተው ገበሬም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያመነታውም ስለዚሁ ነው።

የእርሻው ዓመትና የትምህርቱ ዓመት

የትምህርት ዘመን በመስከረም ተጀምሮ በሰኔ ያበቃል። ሐምሌና ነሐሴ የዝናብና የወንዝ ሙላት ወራት በመሆናቸው ለዕረፍት መሰጠታቸው ተገቢ ነው። ብዙ ሰው ታዲያ የገጠሩ ልጅ በክረምቱ ዕረፍት ወላጁን ረድቶ በመስከረም ነጻ ሆኖ ይመጣል ብሎ ያስባል። የእርሻው አሠራር ግን እንዲህ አይደለም።

ሐምሌ የተዘራው ጤፍ አረሙ የሚበረታው ከነሐሴ እስከ መስከረም ነው። ጤፍ ሥሩ ስስ፣ ቡቃያው ደቃቅ በመሆኑ በእጅ ተጎንብሶ ይታረማል፤ ለዚህ ደግሞ የሴቶችና የልጆች እጅ ይፈለጋል። እህሉ በማሳ ላይ እስካለ ድረስ የጥበቃው ሥራም እጅግ ይከብዳል። የደጋው ማሳ በአብዛኛው አጥር የለውም፤ የአንዱ ገበሬ ቁራሽ ከሌላው ቁራሽ ጋር በወሰን ድንጋይና በጠባብ ድንበር ብቻ ተለይቶ ይገኛል። ከብቶቹ በዚህ መካከል ባለ ጠባብ ሣር ላይ ሲሰማሩ አንዲት ላም ለአፍታ ብታመልጥ የጎረቤት ቡቃያ ትበላለች። ይህም ሽማግሌ ያስቀምጣል፣ ካሳ ያስከፍላል፣ አንዳንዴም ዘመን የሚሻገር ቂም ያተርፋል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ኅዳር እረኛው ዓይኑን ከከብቱ ሊያነሣ አይችልም። ከጥር በኋላ እህሉ ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን ከብቱ በቃርሚያው ላይ በልቅ ይሰማራል፤ ያን ጊዜ አንድ ልጅ የአራት ቤት ከብት ሊጠብቅ ይችላል። በሌላ አነጋገር የትምህርቱ የመጀመሪያ መንፈቅ ከእርሻው እጅግ አስጨናቂ ወራት ጋር ይገጥማል፤ ሁለተኛው መንፈቅ ግን በአንጻሩ ቀላል ነው።

በቆላማውና በወይና ደጋው ማሽላ አብቃይ አካባቢ ደግሞ የወፍ ጥበቃ አለ። ማሽላው ፍሬ ሲይዝ ልጆች በማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍና በጅራፍ ድምፅ ወፍ ያባርራሉ። ግሪሳ የተባለው ወፍ በመንጋ ሲወርድ አንድ ማሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያራግፍ ይችላል። ወፍ አጥብቆ የሚበላው በማለዳና ከቀትር በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ነው፤ በቀትር ግን ጥላ ፈልጎ ያርፋል። ይህ ትንሽ የምትመስል ነገር ለዕቅድ አዘጋጅ ትልቅ ትርጉም አላት። የጠዋቱ ፈረቃ የማለዳውን፣ የከሰዓቱ ፈረቃ የማታውን የወፍ ሰዓት ይወስዳሉ። ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት የሚውል አንድ ፈረቃ ቢደረግ ግን ልጁም ማሽላውም ሊድኑ ይችላሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ክምር፣ ከዚያም ውቂያ ነው። በአውድማ ላይ በሬዎቹን እየነዳ የሚያዞረው ልጅ ነው፤ መንሽና ላይዳ የሚያቀርበው፣ ገለባ የሚሸከመው፣ ለሠራተኛው ጠላና ውሃ የሚያመላልሰው ልጅ ነው። ውቂያ በደቦ ወይም በወንፈል ስለሚሠራ ቀኑን የሚቈርጠው አንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ቀን ልጁን ትምህርት ቤት የላከ ሰው የሌላውን ጉልበት ወስዶ የራሱን የሸሸገ ሆኖ ይታያል። የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና የሚሰጠው እንግዲህ ልጁ ከአውድማ በተመለሰ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው። አውድማ ላይ የዋለው ልጅ ፈተናውን ከወደቀ በኋላ እንደገና ለመምጣት ያፍራል፤ በዚህ ዓይነት በጥር ሳይታወቅ የቀረው ተማሪ በሰኔ ሪፖርት ላይ «ያቋረጠ» ተብሎ ይመዘገባል።

ማን ይማር፣ ማን ይጠብቅ

በእርሻ ቤት ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ልጅ ይማር ወይስ አይማር?» የሚል አይደለም። ጥያቄው ከልጆቹ መካከል የትኛው ይማር የሚል ነው። አራት ልጆች ያሉት ቤት አንዱን ለከብት፣ አንዷን ለእናቷ እርዳታ አስቀርቶ ሁለቱን ይልካል። የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ ታላቁ ነው፤ ምክንያቱም ጉልበቱ ቀድሞ ደርሷል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ለቀለም የማይሆን» የተባለው ነው፤ ይህ ፍርድ ልጁ ገና ሰባት ዓመት ሳይሞላው የሚሰጥ መሆኑ ያሳዝናል። ከዓመታት በኋላ የተማረው ወንድም ደመወዝተኛ ሆኖ ሲመለስ እሱን ያስተማረው አባቱ ብቻ ሳይሆን በእሱ ምትክ ከብት የጠበቀው ወንድሙም ነው። ይህን ዕዳ ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ የትምህርት ስታቲስቲክስ ግን የሚያውቀው አንድ የተመዘገበና አንድ ያልተመዘገበ ልጅ ብቻ ነው።

ይህን ምርጫ ብዙ ቤተሰቦች ያለሰሉት በፈረቃ ነው። አንዱ ልጅ በጠዋቱ፣ ሌላው በከሰዓቱ ፈረቃ ከተመደቡ እኩለ ቀን ላይ በመስክ ይገናኛሉ፤ አንዱ በትሩን ለሌላው ሰጥቶ ደብተሩን ይቀበላል። የፈረቃ ትምህርት የክፍል ጥበትና የመምህር እጥረት የወለደው መሆኑ፣ የማስተማሪያውንም ሰዓት የሚያሳጥር መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ፈረቃን አስቀርቶ ሙሉ ቀን ማስተማር በትምህርት ጥራት ስም በየጊዜው የሚቀርብ፣ በራሱም የሚደገፍ ሐሳብ ነው። ሆኖም በገጠር ወረዳ ፈረቃ ሲቀር ሁለት ወንድማማች በአንድ በትር የሚጋሩት ቀን አብሮ ይቀራል። የከብቱ ጉዳይ ሌላ መላ ሳይገኝለት ፈረቃው ከተነሣ ከሁለቱ አንዱ ከትምህርት ገበታ መነሣቱ የማይቀር ነው።

እዚህ ላይ የማኅበረሰቡ የራሱ መላ ሊታወስ ይገባል። በብዙ ቀበሌ ጎረቤታሞች ከብታቸውን ቀላቅለው በየተራ ይጠብቃሉ። ስድስት ቤት ቢተባበር አንድ ልጅ በስድስት ቀን አንድ ቀን ብቻ ይቀራል። ተራው ቀድሞ ስለሚታወቅ መምህሩ ማን በየትኛው ቀን እንደሚቀር አውቆ የጎደለውን ትምህርት ሊያካክስለት ይችላል። ልጅ ሳይቈርጥ በሳምንት አንድ ቀን መቅረቱና በኅዳር ወር ሙሉ መቅረቱ በቀን ብዛት ሊቀራረቡ ቢችሉም በትምህርቱ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት እጅግ የተለያየ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት ያለበት ተቀጣሪ እረኛ ነው። መሬት ያነሰው ወይም ሞት የጎበኘው ቤት ልጁን ለሌላ ገበሬ በዓመት ውል ይሰጣል። ክፍያው እህል፣ ልብስ ወይም አንዳንድ ጊዜ ጥጃ ሲሆን የሚረከበው አባት ነው። ይህ ልጅ በወላጁ ማሳ ላይ ከሚሠራው ልጅ ጋር አንድ ዓይነት በትር ይዞ በአንድ መስክ ላይ ይታያል፤ ኑሮው ግን ሌላ ነው። ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲመሽበት የሚፈልገው፣ ደብተር የሚገዛለት የለም። ትምህርት ቤቱ ከቀበሌው ጋር ሆኖ የልጆችን ስም ሲመዘግብ ተቀጣሪው እረኛ በወላጁም ቀበሌ በአሠሪውም ቀበሌ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሚያስተምር ሥራና የሚጎዳ ሥራ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ጉልበታቸውን ከሚበዘብዝ፣ ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደህንነታቸውን ከሚጎዳ ሥራ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደንግጓል። አገሪቱ የዓለም የሥራ ድርጅትን ስለ ዝቅተኛ የሥራ ዕድሜ የወጣ ስምምነት ቁጥር 138ን እ.ኤ.አ. በ1999 አጽድቃለች። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል። እነዚህ ሕጎች በዋናነት የሚደርሱት የቅጥር ግንኙነት ያለበትን ሥራ ነው። ስምምነቱ ራሱ ለአካባቢ ፍጆታ የሚያመርትንና ተቀጣሪ በቋሚነት የማያሠራን የቤተሰብ እርሻ ከግዴታ ውጭ ለማድረግ የሚያስችል አንቀጽ አለው። ስለዚህ ከሚሠሩት ልጆች የሚበዙት ባሉበት ቦታ የሕጉ እጅ አጭር ነው። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. ለ2024 ባወጡት ግምት በዓለም ላይ 138 ሚሊዮን ያህል ልጆች ለዕድሜያቸው በማይገባ ሥራ ላይ ተሰማርተው የነበሩ ሲሆን ከእነዚህ ውስጥ 61 በመቶ የሚሆኑት በግብርናው ዘርፍ ነበሩ። በኢትዮጵያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በ20 ጣቢያዎች 3,000 ያህል ልጆችን ሲከታተል የቆየው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናትም ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ሥራንና ትምህርትን አጣምረው እንደሚያድጉ አሳይቷል።

እንግዲህ መለያው ሥራ መኖሩ ሳይሆን የሥራው ዓይነት፣ ርዝመትና ክብደት ነው። አንድ ምሳሌ ይበቃል። ቀድሞ ልጃገረዶች ውሃ የሚቀዱት እንደ ቁመታቸው በተሠራ ትንሽ እንሥራ ነበር፤ ሸክላ ሠሪዋ የልጅ እንሥራ ለይታ ትሠራ ነበርና። ዛሬ በየቤቱ ያለው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የማይሰበርና ርካሽ መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን አዝላ ዳገት ስትወጣ የተሸከመችው የራሷን ክብደት ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል። ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሊትር ጀሪካን በገበያ አለ። ይህን ለወላጆች ማስረዳት አዋጅ አያስፈልገውም።

ሌላው አዲስ አደጋ የእርሻ መድኃኒት ነው። ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም በስንዴና በጤፍ አብቃይ አካባቢዎች በሰፊው ይረጫል። ፀረ አረም ልጆችን ከረጅሙ የአረም ቀን ማሳረፉ አይካድም። ነገር ግን ውሃ የሚያቀርበው፣ ሲበጠበጥ አጠገብ የሚቆመው፣ አንዳንዴም መርጫውን በጀርባው የሚያዝለው ልጅ ነው። እንደ ማላታየን ያሉ ፀረ ተባዮች በትንፋሽ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባሉ፤ የልጅ አካል ትንሽ በመሆኑ ለአዋቂ ቀላል የሆነው መጠን ለእሱ ከባድ ነው። ከሁሉ የከፋው ባዶው ዕቃ ታጥቦ የውሃ ወይም የዘይት መያዣ መሆኑ ነው። የሳይንስ መምህር ስለ መርዛማ ነገሮች ሲያስተምር ከመጽሐፉ ምሳሌ ይልቅ ከዚህ ዕቃ ቢጀምር ትምህርቱ ማታውኑ ቤት ይደርሳል።

በዚህ ረገድ አንድ ያልታሰበ ውጤትም አለ። የተራቈተ ተዳፋት ከግጦሽ ተከልሎ እንዲያገግም ማድረግ በየወረዳው የተስፋፋ፣ ፍሬውም የታየ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የቀረበው መስክ ሲከለል እረኛው ራቅ ወዳለ ቦታ ይሄዳል፤ ወይም ከብቱ ታስሮ ሲቀለብ ሣር አጭዶ የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን በዕቅዱ ላይ አልተጻፈም።

የመሬት መጥበብ

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወስኖ፣ እንደ አቅመ ደካማ ካሉ ጥቂቶች በቀር በተቀጣሪ ጉልበት ማሳረስን ከልክሎ ነበር። ይህም እርሻው በቤተሰብ ጉልበት ላይ ያለውን ጥገኝነት አጠናከረ። በአማራ ክልል በ1989 ዓ.ም. ከተደረገው ድልድል በኋላ ለአዲስ ጎጆ የሚሰጥ መሬት ማግኘት እያደር ከባድ ሆኗል። ዛሬ በብዙ ደጋማ ወረዳ አንድ ሄክታር ያለው ገበሬ እንደ ድሃ አይቈጠርም፤ ይህን ለአራት ልጅ ማካፈል ግን ለማንም የማይበቃ ቁራሽ ማውረስ ነው። አባት ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ቀለም ወዶ ብቻ ሳይሆን የሚያወርሰው መሬት ስለሌለው ነው።

በዚህ ምክንያት ገበሬው ከትምህርት የሚጠብቀውና አንዳንድ ዕቅድ አዘጋጆች ለገበሬ ልጅ ይበጃል የሚሉት ሳይገናኙ ቀርተዋል። ይህ የከረመ አለመግባባት ነው። በ1964 ዓ.ም. የተጀመረው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙ ወላጆችና መምህራን የድሃ ልጅ በአራት ዓመት ተመልሶ ወደ ሞፈር ይግባ እንደማለት ቈጠሩት፤ ጉዳዩም በየካቲት 1966 ዓ.ም. ለተነሣው የመምህራን አድማ አንዱ ምክንያት ሆነ። እርሻን በትምህርት ውስጥ ማስገባት የሚፈልግ ሁሉ ይህን ታሪክ ማስታወስ ይኖርበታል። ወላጁ ልጁ እርሻን ትምህርት ቤት ድረስ ሄዶ እንዲማር አይፈልግም፤ ያን ከቤት ያስተምረዋል። የሚፈልገው ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው እንዲሻገር ነው።

በትምህርት ቤት በኩል

ስለዚህ የእርሻ እውቀት በክፍል ውስጥ የሚገባው ለመሸጋገሪያነት ነው። ሂሳብ የሚያስተምር ሰው ስፋትን ሲጀምር ካሬ ሜትርን ከማምጣቱ በፊት ጥማድን ቢያነሣ ልጆቹ ወዲያው ይነጋገራሉ። ጥማድ ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነው፤ በብዙ ቦታ ሩብ ሄክታር ገደማ ይሆናል። ለምን በጥቁር አፈር አነሰ፣ ለምን በተዳፋት ጠበበ፣ የደከመ በሬ ያረሰውስ ጥማድ ይባላል? እነዚህ ጥያቄዎች መለኪያ ለምን አንድ ወጥ መሆን እንደሚያስፈልገው ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ያስረዳሉ። ቁናም እንዲሁ ከቀበሌ ቀበሌ ይለያያል። በሥነ ሕይወት ትምህርትም የማገጥን ነገር እረኛው ያውቃል፤ ሆድ ለምን እንደሚነፋ ግን አያውቅም። መምህሩ ጋዝ በከብት ሆድ ውስጥ እንዴት እንደሚፈጠርና አረፋ ሆኖ መውጫ እንደሚያጣ ሲያስረዳው ልጁ ይዞት የመጣው እውቀት ምክንያት ያገኛል።

ከዚሁ ጋር አንድ ልማድ መወገድ አለበት። «እረኛ» የሚለው ቃል በየክፍሉ እንደ ስድብ ይሰማል፤ ተማሪ ሲሳሳት «ምን ይህ እረኛ!» ይባላል። ቃሉን የሚናገረው መምህር ብዙ ጊዜ ራሱ በልጅነቱ ከብት የጠበቀ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል። ከፊቱ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ከክፍል ወጥተው በቀጥታ ወደ ከብት የሚሄዱ ናቸው፤ ስድቡን የሚወስዱትም ስለ ራሳቸውና ስለ አባታቸው እንደተነገረ ፍርድ ነው።

የሰዓቱን ጉዳይ በሚመለከት መነሻ የሚሆን ልምድ በአገሩ አለ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፉት የአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያዎች የመጀመሪያውን እርከን አራት ክፍሎች በሦስት ዓመት ሲያስጨርሱ የትምህርቱን ሰዓት ከማኅበረሰቡ ጋር ተመካክረው ይወስኑ ነበር። በእነዚህ ጣቢያዎች ላይ የተነሣው የመምህራን ሥልጠናና የመማሪያ ቤት ጥራት ወቀሳ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የሰዓት አወሳሰናቸው ከጥራት ጉድለታቸው ጋር ተደምሮ መጣል አልነበረበትም። መደበኛው ትምህርት ቤትም የቀኑን ቁጥር ሳይቀንስ በአጨዳና በውቂያ ወራት ለሁለት ሳምንት ዘግቶ ያንኑ ቀን ከብቱ በልቅ በሚሰማራበት በየካቲትና በመጋቢት ሊያካክስ ይችላል። ሰብሉ ከወረዳ ወረዳ፣ እንዲያውም ከደጋ ቀበሌ ወደ ቆላ ቀበሌ ስለሚለያይ ግን አንድ ቀን ለክልሉ ሁሉ መቍረጥ የቀድሞውን ስሕተት በሌላ ወር መድገም ይሆናል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ በመምህሩ እጅ ነው። በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ «ቀሪ» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ አንድ ጠባብ ዓምድ ተሰምሮ ምክንያቱ በአንድ ቃል ቢጻፍ፣ አረም፣ ወፍ፣ አውድማ፣ ተራ፣ ሕመም፣ ወንዝ እየተባለ ይሞላል። በዓመቱ መጨረሻ ርእሰ መምህሩ ከየክፍሉ የተሰበሰበውን በየሳምንቱ ደምሮ በሰኔ ወር ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይልካል፤ ጽሕፈት ቤቱም የሚመጣውን ዓመት የትምህርት ቀናት ሲደለድል ከግብርና ጽሕፈት ቤቱ የዘርና የአጨዳ ጊዜ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየዋል።